ከአሥር ሺህ ሰው መካከል

አሥር ሺህ ሰው ይሁን ይላል ጥያቄው። የየት አገር ሰው እንደሆነ፣ ምን በልቶ ከማን ጋር እንደሚያድር አይናገርም። አንዲት ከተማ ውስጥ አሥር ሺህ ሰው አለ፣ ከመካከላቸው አንድ መቶው ስሙ ያልተጠቀሰ በሽታ አለባቸው ብሎ ይጀምርና፣ ነሲባ ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር እንደገና ከ«አሥር ሺህ» ይነሳል። ከሥራ ገብታ ከተኛች ቆይታለች፤ ተኛች ከተባለ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዳዋለች፣ ብርሃኑ ግን በጠርዝ በጠርዙ እየሾለከ ግድግዳው ላይ ይዘረጋል። እዚህ በፊንላንድ ሰሜን፣ ኦሉ በሚሏት ከተማ፣ በጋ ሲመጣ ፀሐይ መጥለቅ ትረሳለች፣ ቀኑም ሌሊቱም ያው ነጭ ነው፤ እሷ ደግሞ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ስታጸዳና አንሶላ ስትቀይር አድራ ሰው ሁሉ ሲነሳ የምትተኛ ናት፣ እንቅልፍ እንኳ ከሰው ጋር የላትም። የነርስ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና ሊደርስ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። አምና ወድቃለች። የጣላት ሒሳቡ አልነበረም፣ ቋንቋውም አልነበረም፣ አመክንዮ የሚሉት ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ ቃል ለብቻው ይገባታል፣ ቃላቱ ተሰብስበው ምን ሊሏት እንደፈለጉ ግን አይገባትም። ይሄኛውም እንደዚያው ነው። ምርመራው ከመቶ በሽተኛ ዘጠና አምስቱን ያገኛል፣ ከመቶ ጤነኛ ደግሞ አምስቱን በስህተት አለባችሁ ይላል፤ አንድ ሰው ተመረመረና አለብህ ተባለ፤ ሰውየው በእርግጥ ታሞ የመገኘት ዕድሉ ስንት ነው? ነሲባ ሳታመነታ ዘጠና አምስት ከመቶ የሚለውን አከበበች፣ ማንስ ቢሆን ሌላ ምን ያከብባል። ከፈተና መለማመጃ መጽሐፏ ጀርባ ያለው መልስ ግን ከስድስት ሰው አንዱ ብቻ ይላል። ከስድስት አንዱ። አንሶላውን ገፍታ ተነስታ ተቀመጠች፣ ምክንያቱም ለእሷ ያ ሰውዬ ስም አለው፤ ኡበይድ ነው ስሙ፣ ወንድሟ ነው።

እናቷ ዓሊማ ከኮቦ የደወለችላት ባለፈው ሳምንት ነበር። ከዚያ በፊት ኔትወርክ ጠፍቶ ከርሟል፤ መንገድ ሲዘጋ ኔትወርክም ይዘጋል፣ እዚያ ያለው ሰው ይለምደዋል፣ የማይለምደው ውጭ ያለው ነው፣ ስልኩን እንደ ሕፃን ታቅፎ የሚያድረው። እናቷ ነገር በቀጥታ አትጀምርም። ሙቀቱን ነገረቻት፣ የዘንድሮው በልግ ዓይኑን ሳያሳይ እንደቀረ ነገረቻት፣ የጎረቤቱን ግመል ነገረቻት፣ ከዚያ በዚያው ድምፅ ሰርጉ ቀርቷል አለች። ኡበይድ ከአረፋ በኋላ የሮቢቷን ራዊያን፣ የሼህ መህዲን ልጅ ሊያገባ ነበር፤ ነሲባ ለሙሽሪት ሽቶና የአንገት ሻርፕ ገዝታ የሚወስድላት ሰው ስትጠብቅ ነው የከረመችው። ለምን ቀረ ስትላት እናቷ ደሙ አልሆነም አለች። ደሙ አልሆነም። እንደ ሊጥ፣ እንደ ጠላ ጥንስስ፣ አልሆነም። ነሲባ ወዲያው ገባት፣ ኒካህ ከመታሰሩ በፊት ሁለቱም ተመርመሩ እንደሚባሉ ታውቃለችና፣ የዚያን በሽታ ስምም እናቷ ከአፏ እንደማታወጣው ታውቃለችና። ክሊኒኩ ያየው የመጀመሪያውን ምርመራ ብቻ ነው፣ ማረጋገጫው ሆስፒታል ነው፣ ሂድ ብለውታል፣ እሱ ግን የመጀመሪያዋን ቃል ሰምቶ የቀረውን አልሰማም፤ በር ላይ ሲጠብቅ የነበረው የራዊያ አጎት ፊቱን አይቶ ያወቀውን አወቀ። ከዚያ ወዲህ ኡበይድ ቤት አይገባም፣ ዋጃ ባጃጅ ከሚጠግነው ጓደኛው ከኪዳን ዘንድ ነው። ይህን ሁሉ ነግራ ስታበቃ እናቷ እንደ ወትሮዋ ለአህመድ ሰላም በዪልኝ አለቻት። እሺ እማ አለች ነሲባ። አህመድ ባሏ ነው፣ ነበር፤ የደሴ ልጅ፣ ወደዚህ ያመጣት፤ ልብሱን ሸክፎ ወደ ደቡብ ከወረደ አራት ዓመት አልፎታል፣ ሰላምታው ግን ይቀጥላል፣ በየደወሉ አንድ ሰላምታ፣ እሺ እማ፣ እሺ እማ።

ቁጥሩን በፊንላንድኛ ብታየው አልጨበጥ ስላላት ሰዎቹን ወደ ኮቦ ወሰደቻቸው። የገበያ ቀን ነው። ከዞብል ተራራ ማዶ አፋሮቹ ግመል እየነዱ ወርደዋል፣ የጎብዬ ሰዎች ሽንኩርት በጋሪ አምጥተዋል፣ የማሽላው አቧራ በፀሐይ ይታያል፣ አሥር ሺህ ሰው እዚያ ሜዳ ላይ እየተጋፋ ነው፣ እሷም መቁጠሪያ ስንጥር ይዛ መሐላቸው ቆማለች። የታመማችሁ እስኪ ወዲህ ቁሙ ትላለች፣ መቶ ሰው ይቆማል፣ ምርመራው ዘጠና አምስቱን ያገኛቸዋል፣ ምስኪኖች። ከዚያ ወደ ጤነኞቹ ትዞራለች፣ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ጤነኛ፣ ከየመቶው አምስት አምስት ሰው በስህተት ይጠራል፣ እሱ ሲደመር ወደ አምስት መቶ ሊጠጋ ነው። ሁሉም በአንድ ሰልፍ ይሰለፋሉ፣ ከመናኸሪያው ጀምሮ እስከ ሆርማት ወንዝ፣ ስድስት መቶ የሚጠጋ ሰው አለብህ አለብሽ ተብሎ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፣ ከዚያ ሁሉ ሰልፍ በእርግጥ የታመመው መቶ እንኳ አይሞላም። የቀሩት ምንም የላቸውም፤ እዚያ ፀሐይ ላይ በከንቱ ያለቅሳሉ። ኡበይድንም አየችው፣ በሰልፉ መሐል፣ ያንን ሰማያዊ ሸሚዙን ለብሶ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ እሷ ስትለየው እንደነበረው። ና ውጣ፣ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ፣ አለችው ጮክ ብላ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ፤ ስልኳን አንስታም እናቷ ዘንድ ደወለች።

ስልኩ እንዲህ በአንዴ ገብቶ አያውቅም። ነሲባ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ስንጥሩ እየተቻኮለች ስታስረዳ እናቷ ሰማቻት፣ ሲያበቃ የያዘችው አንድ ቃል ነበር።

«ስህተት ነው ነው የምትዪኝ?»

«ስህተት ሊሆን ይችላል ነው የምልሽ፣ እማ። እንደዚህ ከሚባሉ ስድስት ሰዎች አምስቱ ምንም የለባቸውም። ሆስፒታል ሄዶ ሁለተኛ ይመርመር።»

እናቷ አልሀምዱሊላህ አለች፣ ደጋግማ አለች፣ ድምፅዋ እንደ ወጣት ሴት ድምፅ ቀጠነ፤ ሁለተኛ ይመርመር የሚለው ከዚያ ምስጋና ሥር ተቀብሮ ቀረ። ነሲባ ግን ያኔ አላስተዋለችም፣ ወይም አስተውላ አልፈለገችም። ያን ቀን ተኛች። ብርሃኑ ግድግዳው ላይ እንደተዘረጋ፣ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ። በሕልሟ የሰማችው እልልታ ከየት እንደመጣ ስትነቃ ሊገባት አልቻለም።

እልልታው የእናቷ ነበር ብትል አትሳሳትም። ዓሊማ በማግስቱ ሁለት ሽማግሌ ይዛ፣ በባጃጅ ሮቢት ወርዳ፣ ሼህ መህዲ ደጃፍ ቆማ፣ ልጄ ነሲባ በሰው አገር ሕክምና እየተማረች ነው፣ ስህተት ነው ብላለች ብላ ተናገረች። ሼህ መህዲ ክፉ ሰው አይደሉም። ኡበይድን ይወዱታል፣ ልጃቸው እህል ከቀመሰች ሰንብታለች፣ ለማመን የሚፈልግ ሰው ብዙ ማስረጃ አይጠይቅም፤ የተማረ ካለ እኛ ምን እንላለን አሉና ኒካሁን ለመጪው ወር መግቢያ ቆረጡት። ይህን እናቷ በደስታ ስትነግራት ነሲባ የአረጋውያኑ ቤት መተላለፊያ ላይ ቆማ ነበር፣ ባልዲውን ከእግሯ ሥር አድርጋ። ተማሪ አይደለሁም እኮ እማ፣ ፈተናውን ገና ልፈተን ነው ልትል አሰበች፣ አላለችም። ሁለተኛ ተመረመረ ወይ ብቻ አለች። ምን ሁለተኛ አስፈለገው፣ አንቺው ስህተት ነው ብለሽ፣ አለች እናቷ። ከክፍሎቹ በአንዱ አንዲት አሮጊት ደወል ትጫናለች፣ ሁልጊዜም ትጫናለች፣ ስትሄጂላት ምንም አትፈልግም፣ እጅሽን ይዛ ወደ መስኮቱ ታያለች። ነሲባ ሄዳ እጇን ሰጠቻት። አሮጊቷ በዚያ በነጭ ብርሃን ውስጥ ማንን እየጠበቀች እንደሆነ በቋንቋዋ አንድ ነገር ተናገረች፣ ነሲባም በቋንቋዋ፣ በአማርኛ፣ ምን አድርጌ ነው አለቻት፣ የአንዷ ነገር ለሌላዋ መልስ አልሆነም፣ ሁለቱም እጃቸውን አላላቀቁም።

ኡበይድ ስልክ አያነሳም። ኪዳንን በስንት ፍለጋ አገኘችው። ኪዳን ወላጆቹ ከአላማጣ ወዲህ መጥተው ዋጃ የከተሙ፣ ከኡበይድ ጋር አንድ ወንበር ላይ የተማረ ልጅ ነው፤ እንደምን ከረምሽ እቴ ነሲባ አላት፣ እሱ አጠገቤ አለ፣ ግን እኔ አልሰጠሁሽም፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ልወጣ ነው። ከዚያ የመፍቻ ድምፅ፣ የሚያልፍ መኪና ድምፅ፣ ከዚያ ሁሉ ሥር የወንድሟ ትንፋሽ። ታውቀዋለች ትንፋሹን። ሕፃን ሳለ ጀርባዋ ላይ አዝላው ስትዞር አንገቷ ሥር የሚሰማት እሱ ነበር።

ስለ አሥር ሺሁ ሰው ነገረችው። ለእናቷ ከነገረችው በተሻለ ነገረችው፣ ቀስ ብላ፣ የቱ ጋ የቱ እንደሚደመር እየለየች፤ ሁለተኛውን ምርመራ ግን ከኒካሁ በፊት ማድረግ አለብህ፣ ዕድልህ ሰፊ ነው፣ ለማረጋገጥ ብቻ ነው፣ አብሽር፣ አለችው። እስከ መጨረሻው ሰማት። የጠየቃት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር።

«እቴ፣ እኔን ከየትኛው ሰው ጋር ነው የቆጠርሽኝ?»

«እንዴት ከየትኛው?»

«ከእነዚያ ከአሥር ሺሁ። ገበያ ላይ ካሉት ነው? እኔ እኮ ገበያ አልነበርኩም።»

ነሲባ ኡበይድ ወልድያ ኮሌጅ እንደነበረ ነው የምታውቀው። ሁለት ዓመት ሙሉ ኡበይድ እንዴት ነው ስትል እናቷ ትምህርቱ ላይ ነው ትላት ነበር፣ እሷም ደስ ይላት ነበር፣ ሥራ ቦታ ላሉት ፊሊፒናውያን ሳይቀር ወንድሜ ኮሌጅ ነው ብላ አውርታለች። አልነበረም። ጦርነቱ ትምህርቱን ካቋረጠበት በኋላ መተማ ወርዶ ሰሊጥ ሲያጭድ ነው ሁለት ወቅት ያሳለፈው። እዚያ ስንት ወንድ በአንድ ዳስ እንደሚያድር፣ የአጨዳው ወር ሲያልቅ ከተማ እንዴት እንደሚገባ፣ ሌሊቱ እንዴት እንደሆነ በትንሹ ነገራት፣ በትንሹም ቢሆን ድምፁ ተሰበረ። እዚያ የኖርኩት ኑሮ ለእህት አይነገርም አላት። አብረውት ከነበሩት ውስጥ ዛሬ መድኃኒት የሚወስድ አለ፣ የሞተም አለ። ክሊኒኩ ያንን ቃል ሲነግረው ለዚህ ነው ወደ ሆስፒታል ያልሄደው፣ የተሳሳቱ ስላልመሰለው ነው።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች። ቁጣ መስሎ እንዲወጣ ነበር የፈለገችው።

«አንቺስ?» አላት። «አራት ዓመት ሙሉ ስትደውዪ ከኋላሽ የወንድ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። በር ሲከፈት እንኳ አይሰማም። አህመድ ሄዷል፣ አይደል?»

በመስኮቱ ብርድ ልብስ ጠርዝ የገባው ብርሃን እግሯ ላይ ደርሶ ነበር፣ እግሯን ሰበሰበች። ይህ ልጅ በዚያ በተቆራረጠ መስመር፣ በሦስት ወር አንዴ በሚሰማት ድምፅ፣ ከኋላዋ ያለውን ባዶ ቤት ሰምቷል፤ እሷ ግን ወልድያን እንኳ ከመተማ መለየት አልቻለችም። ሰባት ዓመት በሙሉ ደህና ናችሁ ብላለች፣ ደህና ነን ብለዋታል። ስልኩም እኮ ምርመራ ነው፣ ማንንም ቢያገኝ ደህና ነው የሚል።

ከዚያ በኋላ የተባባሉት አጭር ነው። ምርመራውን ሳትጨርስ ኒካህ የለም አለችው። እናቴ ለሮቢት ሰው ሁሉ ነግራለች፣ ሼሁ ራሳቸው እጄን ይዘው ልጄ አሉኝ፣ አሁን ተመልሼ ምን ልል ነው አላት፤ ደግሞም፣ አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አንቺ ስህተት ነው ካልሽ ለምን ስህተት አይሆንም። ይህን ሲላት እንደ ልጅነቱ ነበር፣ ጅብ የለም በዪኝ ሲላት እንደነበረው።

«ለራዊያ ንገራት» አለችው። «መተማንም ሳይቀር። ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ።»

መስመሩ የተቋረጠው ኔትወርክ ጠፍቶ ይሁን እሱ ዘግቶት አታውቅም። እንደገና ስትደውል የሚመልስላት ያቺ የምታውቃት የሴት ድምፅ ናት፣ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልቻልንም የምትለው።

መጽሐፉን ስትከፍት ገጹ እዚያው ነበር፣ ከመልሱ ሥር በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ማብራሪያም እዚያው ነበር፣ አንብባዋለች እኮ፣ በእርሳስ ሳይቀር አስምራበታለች፤ ምርመራው የሚናገረው ነገር ትርጉሙ የሚወሰነው ከምርመራው በፊት በሽታው በዚያ ሕዝብ ውስጥ በነበረው መጠን ነው ይላል። ከምርመራው በፊት። እሷ ከምርመራው በፊት የነበረውን ኡበይድን አታውቀውም። አሥሩ ሺህ ሰው ገበያ ላይ ሳይሆን ሰሊጥ ማሳ ላይ ቢሆን፣ ከመቶው አንዱ ሳይሆን አሥሩ የታመመ ቢሆን ብላ አሰላችው፤ በዚያው ምርመራ፣ በዚያው ስንጥር፣ ከሦስት ሰዎች ሁለቱ የታመሙ ሆነው ወጡ። ሰልፉ ተገለበጠ። በከንቱ ያለቅሳሉ ያለቻቸው ጥቂት ሆኑ። ደግሞስ ያ ዘጠና አምስት፣ ያ አምስት፣ ለፈተና ተብሎ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ያወጣው ቁጥር ነው፤ የክሊኒኩ ምርመራ ከዚያ እጅግ የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ እሷ የመጽሐፍ ቁጥር አንስታ የወንድሟ ደም ውስጥ ጨመረችው፣ ከዚያ እናቷ ይዛው ሮቢት ወረደች፣ አሁን አንዲት ፊቷን አይታ የማታውቃት ልጅ ሒና ልትቀባበት ነው። የራዊያ ስልክ የላትም። እናቷን ብትጠይቅ ለምን ትላታለች። ለሼህ መህዲ ብትነግር ወንድሟን በአደባባይ ገፈፈችው ማለት ነው፣ ዝም ብትል ደግሞ ያቺን ልጅ። ተኝታ ትነሳለች፣ ተነስታ ትተኛለች፣ ሥራ ትገባለች፣ የአሮጊቷን እጅ ትይዛለች፣ ስልኩ ያቺኑ ሴት ያቀርብላታል፣ ያረቢ ትላለች፣ ብርሃኑ አይጠፋም።

ፈተናው እንደዚህ እንዳለች ደረሰ። በዚህ አገር ሰው የትም የሚገባው በቁጥር ነው፣ በስምሽ አትገቢም፤ መታወቂያ አሳየች፣ ቁጥሯን ፈለገች፣ ስልኳን አጥፍታ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት፣ ከሚተነፍሰው ሕዝብ መሐል ብቻዋን ተቀመጠች። የሕመምና የምርመራ ጥያቄ አልመጣም። ስለ ባቡርና ስለ አራት ጎረቤታሞች ጠየቋት፣ የማን ቤት ከማን ቤት ግራ ነው ብለው፣ ሠራችው፣ ደህና ሳትሠራ አልቀረችም፣ ደስ ግን አላላትም። ስትወጣ ስልኳን ከፈተች። እናቷ ደውላ ነበር። በሕንፃው ጥላ ሥር፣ ብስክሌቶቹ መሐል ቆማ መልሳ ደወለች።

«ዝም ብትዪ ምን ነበር?» አለቻት እናቷ።

የሆነውን ያወቀችው ከኪዳን ነው እንጂ ከእናቷ አይደለም፣ እናቷ ከዚያች ቃል በላይ አልተናገረችም፣ ከዚያም ወዲህ የእሷን ስልክ አታነሳም። ኡበይድ ስልኩ በተዘጋ በሦስተኛው ቀን ኪዳንን አስነስቶ ሮቢት ወረደ። ራዊያን ከአክስቷ ሱቅ አስጠርቶ፣ ኪዳን ከሩቅ ባጃጁ ላይ ተቀምጦ እየጠበቀው፣ የነገራትን ነገራት። አላለቀሰችም አለ ኪዳን። ብዙ ቆማ ሰማችው፣ አንድ ሁለት ነገር ጠየቀችው፣ ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ገባች። በማግስቱ ኡበይድና ኪዳን ኮቦ ሆስፒታል ሄዱ፣ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ምርመራ ያንኑ ተናገረ። መድኃኒቱን ያኔውኑ ሰጡት፣ ገና ነህ፣ በጊዜ ነው የመጣኸው አሉት። ቤት ሲገቡ እናቱ ነገሩን ሰምታ ጠብቃቸዋለች፤ ለልጇ ምግብ አቀረበችለት፣ ሲበላ አጠገቡ ተቀመጠች፣ አንድ ቃል ግን አልተነፈሰችም። ከሮቢት በኩል ሰው አልመጣም። ነሲባ እሱስ፣ ላናግረው አለች። ኪዳን ይደውላል እቴ፣ ታገሺው፣ ዛሬ ገንፎ በልቷል አላት። አመሰገነችው። ምን ብላ እንዳመሰገነችው አታስታውስም። ወደ ቤቷ የሄደችው በእግሯ ነው፣ በወንዙ ዳር፤ ሰዎች ሣር ላይ ተጋድመው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ሕፃናት በባዶ እግራቸው ይሯሯጣሉ፣ የሚያውቃት አንድም ሰው የለም፣ ትክክል ነበርሽ የሚላትም ተሳስተሻል የሚላትም። ትክክል ነበረች። ራዊያ ተርፋለች፣ ወንድሟ በጊዜ ደርሷል፣ ሁሉም እንደ ፈተና መልስ ትክክል ነው፣ እናት ግን የላትም አሁን፤ ያ እሺ እማ እንኳ ቀርቶባታል።

ክረምቱ ኮቦ ሲገባ፣ ማለትም እዚህ በርች የሚሉት ዛፍ ቅጠሉን ሳያረግፍ፣ ከማታውቀው ቁጥር ተደወለላት። ከሥራ ገብታ ሻይ እያፈላች ነበር። በመጀመሪያ የሰማችው ውሃ ነው፣ የሚጋልብ ውሃ፣ ከዚያ የሴት ልጅ ትንፋሽ። ራዊያ ነኝ አለች። ቁጥሩን ከኪዳን ነው የተቀበለችው። ቤት ሰው አለ፣ ከጎሊና ወንዝ ዳር ወጥታ ነው የምትደውለው፣ ጎርፉ ትናንት ሌሊት ወርዶ አሁን ገበሬው ወደ ማሳው እየቀለበሰው ነው፣ ድምፁ ቢረብሻት ይቅርታ። ነሲባ የሻዩን እሳት አጠፋች። ስድብ ጠበቀች፣ ምስጋናም ጠበቀች፣ ሁለቱንም ለመቀበል ልቧን አዘጋጀች።

«እትዬ፣ መድኃኒቱን ከወሰደ ስንት ዓመት ይኖራል?»

ነሲባ ወደ ቁጥር ልትሮጥ ነበር፣ አንደበቷ ላይ ደርሶ ነበር፣ መለሰችው። ኡበይድን የተወች ልጅ ጥያቄ እንዳልሆነ ገባት። እንደማንኛውም ሰው ይኖራል አለቻት፣ ሳያቋርጥ ከወሰደ። ራዊያ ስልኩን አልዘጋችም፣ መጠየቅ ያፈረችበት ሌላ ነገር ነበርና ነሲባ ሳትጠየቅ ነገረቻት፤ መድኃኒቱ በደንብ ሠርቶ በሽታው በደሙ ውስጥ የማይታይበት ደረጃ ሲደርስ ለሚስቱ አያስተላልፍም፣ ልጅም ይወለዳል፣ ጤነኛ ልጅ፤ ጊዜ ይፈልጋል፣ ሐኪሞቹ ደሙን እያዩ ይነግሩሻል፣ እነሱ ሳይሉ ግን አይሆንም። ውሃው ብቻ ይሰማ ነበር። ከማዶ የሆነ ገበሬ ለሌላው ይጣራል፣ እዚህ ቁረጠው፣ እዚህ ጋ መልሰው ይለዋል፣ ድምፁን ነሲባ በኦሉ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ሰማችው።

«እንግዲያው» አለች ራዊያ፣ «ለአባቴ ማን ይነግርልኛል?»

ነሲባ ጀርባዋን ለቁምሳጥኑ አስደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዛወረችው።

«ለአባትሽ ከመንገራችን በፊት» አለቻት፣ «እስኪ ስለ ራስሽ ንገሪኝ። ድምፅሽን እንኳ ገና ዛሬ ነው የሰማሁት። አንቺ ማነሽ፣ ራዊያ?»

ልጅቷን እንደዚህ ጠይቋት የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስልም። ውሃው ተሻግሮ ተሻግሮ ይመጣል። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ ከየት እንደምትጀምር ግራ እንደገባት ሰው፣ ከትንሽነቷ ጀመረች።